ምጥ ሳይጀምር መወሰን፦ የወሊድ ሕመም ማስታገሻና የእናት ምርጫ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚገኝ አንድ የማዋለጃ ክፍል እናስብ። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቀው ኢትዮጵያዊት ምጥ ከጀመራት ብዙ ሰዓት ሆኗታል። ባለቤቷ እጇን ይዟል። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቷ ከአልጋው ግርጌ ቆመው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። የማደንዘዣ ሐኪሙ የፈቃድ ቅጽ ይዞ ገባና ስለ ጀርባ መርፌው ጥቅምና ጉዳት በእንግሊዝኛ ፈጠን ብሎ አስረዳ። ባለቤቷ ግማሹን ተረጎመ፤ ግማሹን ራሱም በቅጡ አልተረዳውም። እናትየው «ይህ መርፌ ሽባ ያደርጋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። ምጡ በየሦስት ደቂቃው ይመላለሳል፤ ቅጹም ፊርማ ይጠብቃል።

ይህ ምሳሌ የአንዲት የተለየች እናት ታሪክ አይደለም፤ በአካባቢው የወለዱ ብዙ ቤተሰቦች ግን ሳይቸገሩ የሚያውቁት ሁኔታ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አዋሳኝ ከተሞች በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖርባቸው ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሆሊ ክሮስ ሆስፒታልና በአሌክሳንድሪያ ያለው ኢኖቫ አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል በአካባቢው የማዋለድ አገልግሎት ከሚሰጡት ተቋማት መካከል ይጠቀሳሉ። ወደ እነዚህ ተቋማት የሚመጡ እናቶች ያደጉበት አገር ችግር የሕክምና እጥረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። በአሜሪካ ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ 32 ገደማ ነው። የሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ነው፤ በአገር ቤት ብዙ እናቶች ያለ አንዳች መድኃኒት ሲያምጡ፣ በአሜሪካ ግን ከሦስት ወላጆች ከሁለት የሚበልጡት የጀርባ ማደንዘዣ ይወስዳሉ።

ከእጥረት ወደ ብዛት የተሻገረች እናት ምርጫዎቿን አስቀድማ ካላወቀቻቸው ምርጫው ምርጫ መሆኑ ይቀራል። ማስታገሻ መውሰድ ስንፍና አይደለም፤ አለመውሰድም ግዴታን መጣስ አይደለም። ቁም ነገሩ እናቲቱ የሚደረግላትን በሚገባት ቋንቋ ተረድታ መወሰኗ ላይ ነው።

የምጥ ሕመም ከየት ይመጣል?

ማህፀን ጠንካራ ጡንቻ ነው። በምጥ ጊዜ እየተኮማተረ የማህፀንን በር ቀስ በቀስ ይከፍታል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ የሚባለው ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሕመሙ መልእክት ከደረት ታችኛው ክፍልና ከወገብ መነሻ አካባቢ ወደ ሕብለ ሰረሰር በሚገቡ ነርቮች በኩል ይጓዛል። እናቲቱም ሕመሙን በታችኛው ሆድና በወገብ ላይ የተሰራጨ አድርጋ ትሰማዋለች። በሁለተኛው ምዕራፍ የሕፃኑ ራስ የብልትን ግድግዳና የዳሌን ወለል ሲለጥጥ መልእክቱ ዝቅ ብለው በሚገኙ ሌሎች ነርቮች በኩል ያልፋል፤ ሕመሙም የጠራና ስፍራው የታወቀ ይሆናል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በሚገባ የሠራ ማስታገሻ በመጨረሻው ሰዓት የማይበቃ መስሎ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንጎል የሕመም መልእክትን ዝም ብሎ የሚቀበል አካል አይደለም። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክቱን የሚያሳልፍ ወይም የሚያቀዘቅዝ እንደ በር ያለ ሥርዓት መኖሩን አስረድተዋል። መዳሰስ፣ ሙቀት፣ እንቅስቃሴና መረጋጋት ይህን በር ጠበብ ያደርጉታል፤ ፍርሃትና ብቸኝነት ደግሞ ይከፍቱታል። ወገብን ማሸት፣ ሙቅ ውሃ፣ መራመድ፣ አተነፋፈስን ማስተካከልና የአስተኛኘት ሁኔታን መቀያየር የሚረዱት በዚህ መንገድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በጥናት ጎልቶ የታየው ግን ያልተቋረጠ የሰው ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ15 ሺህ በላይ እናቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶች በአንድ ላይ ተገምግመው ነበር። በምጥ ጊዜ ከጎናቸው የማይለይ ደጋፊ የነበራቸው እናቶች ያለ መሣሪያ በተፈጥሯዊ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድና ማስታገሻ የመፈለግ ዕድላቸው ደግሞ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አያቶች ምጥ የያዛትን ሴት ከብበው ማርያምን ሲጠሩ፣ ወገቧን ሲደግፉና «አይዞሽ» ሲሉ ያደርጉት የነበረው ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህንኑ ተግባር በሙያ የሚሠሩ ሴቶች በአሜሪካ «ዱላ» ይባላሉ። ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ፈገግታን ቢጭርም ሥራቸው ማጽናናትና መደገፍ ነው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አገልግሎታቸውን በሜዲኬይድ የሚሸፈን አድርገዋል።

በጋዝና በደም ሥር የሚሰጡ ማስታገሻዎች

ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ከኦክስጅን ጋር እኩል ተቀላቅሎ በጭንብል ይሰጣል። ጭንብሉን የምትይዘው ራሷ እናቲቱ ናት፤ ምጡ ሲመጣ ትስባለች፣ ሲያልፍ ትተዋለች። ሕመሙን አያጠፋውም፤ ጭንቀቱን ግን ያቀለዋል። ማዞርና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል፤ ከሰውነት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። አገልግሎቱ በሁሉም ሆስፒታል ስለማይገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንደ ፌንታኒልና ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በደም ሥር ይሰጣሉ። ለአጭር ጊዜ ዕረፍት ይሰጣሉ፤ ሆኖም እናቲቱን ያደነዝዛሉ፣ በእትብት በኩልም ወደ ሕፃኑ ይደርሳሉ። ለመውለድ ጥቂት ሲቀር ከተሰጡ የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክሙ ስለሚችሉ ባለሙያዎች ሰዓቱን በጥንቃቄ ይመርጣሉ።

ኤፒዱራልና ዙሪያውን የከበቡት ፍርሃቶች

በማኅበረሰቡ ዘንድ «የጀርባ መርፌ» የሚባለው ኤፒዱራል ነው። እናቲቱ ጎንበስ ብላ ትቀመጣለች ወይም በጎኗ ትተኛለች። ቆዳዋ ከደነዘዘ በኋላ በወገብ አጥንቶች መካከል መርፌ ይገባና የሕብለ ሰረሰርን ሽፋን ከውጭ ወደሚከበው ጠባብ ክፍተት ይደርሳል። በመርፌው ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከተላለፈ በኋላ መርፌው ይወጣል። በጀርባዋ የሚቀረው ቱቦው ብቻ ነው፤ ነርቮችን የሚያደነዝዘው መድኃኒት በእርሱ በኩል ጥቂት በጥቂት ይፈስሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል። እናቲቱ ንቁ ሆና ትቆያለች፤ ልጇ ሲወለድ ታያለች፣ ትሰማለችም።

የመጀመሪያው ፍርሃት ሽባነት ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በወገብ ላይኛው ክፍል ሲሆን፣ መርፌው የሚገባው በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት ይደርሳል፤ ነገር ግን እጅግ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የወገብ ሕመም ነው። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊቆጠቁጥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን መርፌውን በወሰዱትና ባልወሰዱት እናቶች መካከል ልዩነት አላሳየም፤ እርግዝና ራሱና ልጅ መሸከም ወገብን ያደክማሉና።

ሦስተኛው ጥያቄ «መርፌው ወደ ቀዶ ሕክምና ይወስዳልን?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ግምገማ ከ11 ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉባቸውን 40 ጥናቶች መርምሮ፣ ኤፒዱራል በቀዶ ሕክምና የመውለድን ዕድል እንደማይጨምር አረጋግጧል። ምጡን ግን በመጠኑ ያራዝመዋል። በቀደሙት ጥናቶች በቫኩም ወይም በፎርሴፕስ ታግዞ የመውለድ ዕድልን ጨምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በተሠሩት፣ መድኃኒቱ ቀጠን ብሎ በሚሰጥባቸው ጥናቶች ግን ይህ ልዩነት አልታየም። «በሩ አራት ሴንቲ ሜትር ሳይከፈት አይሰጥም» የሚለው የቆየ አባባልም አሁን ተቀባይነት የለውም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ የሚከለክል የጤና ምክንያት እስከሌለ ድረስ የእናቲቱ ጥያቄ በራሱ በቂ ምክንያት ነው ይላል።

ይህ ማለት ግን መርፌው ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የደም ግፊት ሊወርድ፣ ሰውነት ሊያሳክክ፣ ትኩሳት ሊነሣ፣ ሽንት አልወጣ ሊል፣ እግር ሊከብድ ይችላል። ከመቶ እናቶች አንዷ ገደማ መርፌው ሽፋኑን ሲበሳው ከባድ ራስ ምታት ይይዛታል። አንዳንዴም በአንድ ወገን ብቻ ስለሚሠራ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ደሟ በቀላሉ የማይረጋ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ወይም በወገቧ አካባቢ ቁስለት ያላት እናት ላይፈቀድላት ይችላል። በሌላ በኩል ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ በዚያው ቱቦ ጠንከር ያለ መድኃኒት በመስጠት፣ እናቲቱን ሙሉ በሙሉ ሳያስተኙ ቀዶ ሕክምናውን መሥራት ይቻላል።

ምጥን ማስጀመር፣ ማፋጠንና ቀዶ ሕክምና

የሕመም ማስታገሻ ብቻውን አይመጣም፤ ሌሎች ውሳኔዎችም ይከተሉታል። ምጥ በመድኃኒት እንዲጀምር ማድረግ፣ የእንሽርት ውሃን ማፍሰስ፣ በኦክሲቶሲን ማፋጠንና የሕፃኑን የልብ ምት ያለማቋረጥ መከታተል በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተለመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ6 ሺህ በላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ጤነኛ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። በ39ኛው ሳምንት ምጥ በመድኃኒት ከተጀመረላቸው እናቶች 18.6 በመቶው በቀዶ ሕክምና ሲወልዱ፣ ከጠበቁት ደግሞ 22.2 በመቶው እንዲሁ ወልደዋል። ስለዚህ ምጥን ማስጀመር ሁልጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገፋል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ይህ ግን እያንዳንዷ እናት ታስጀምር ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ትዕግሥትም ሳይንሳዊ መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የማህፀን በር በየሰዓቱ አንድ ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት የሚለው መለኪያ ለብዙ እናቶች እውነታውን እንደማያንጸባርቅ ገልጿል። እናትና ሕፃን ደኅና እስከሆኑ ድረስ ምጥ ስለዘገየ ብቻ ለማፋጠን መቸኮል እንደማይገባም አሳስቧል። ብልትን በመቀስ መቅደድም በልማድ ሊደረግ እንደማይገባ በዚያው መመሪያ ሰፍሯል።

ቀዶ ሕክምና በቦታው ሕይወት አዳኝ ነው። ለዚህ ከኢትዮጵያ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የከፈቱት፣ ምጥ ለቀናት ታግቶባቸው በጊዜው ቀዶ ሕክምና ስላላገኙ ልጃቸውንም ጤናቸውንም ላጡ እናቶች ነበር። ሆኖም ሳያስፈልግ የተደረገ ቀዶ ሕክምና የራሱ ዋጋ አለው። ደም መፍሰስና ቁስለት ያስከትላል። በሚቀጥሉት እርግዝናዎች ደግሞ የእንግዴ ልጁ ከጠባሳው ጋር እንዲጣበቅ ሊያደርግ ይችላል፤ አደጋውም በቀዶ ሕክምናው ቁጥር ልክ ያድጋል። ብዙ ልጆች ለመውለድ ያሰበች እናት ይህን ማወቅ ይገባታል። አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀጣዩን በተፈጥሯዊ መንገድ ለመውለድ ብትሞክር፣ ሁኔታዋ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት እናቶች ይሳካላቸዋል።

ውሳኔው የማን ነው?

እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች ትርጉም የሚኖራቸው የመጨረሻው ቃል የእናቲቱ ከሆነ ነው። ይህ ጥያቄ በሕግ ፊት የተፈተነው እዚያው ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1987 አንጄላ ካርደር የተባለች የ27 ዓመት ሴት በካንሰር ታማ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡርም ነበረች። ፅንሱን ለማዳን በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ፍርድ ቤት አዘዘ፤ እርሷ አለመፈለጓን ብትገልጽም ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ሕፃኗ በሰዓታት ውስጥ፣ እናቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1990 ያንን ትእዛዝ ሽሮ፣ በሚባል ደረጃ በሁሉም ሁኔታ የሚጸናው የታካሚዋ ውሳኔ ነው ሲል ፈረደ። ውሳኔው በቀጥታ የሚገዛው የዲሲን ፍርድ ቤቶች ቢሆንም በመላ አገሪቱ በሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ይጠቀሳል።

ያልተረዳችውን ነገር የፈቀደች እናት ግን በእርግጥ ፈቀደች አይባልም። ስለዚህ የቋንቋ ጉዳይ የሕክምናው አንድ አካል ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይችሉ ታካሚዎች የአስተርጓሚ አገልግሎት በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። አስተርጓሚው በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊቀርብ ይችላል። እናቲቱ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለቷ በቂ ነው፤ ባለቤቷ ጥሩ እንግሊዝኛ መቻሉ መብቷን አያስቀረውም።

ባለሙያ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለቃላቱ ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል ስለደረሰ ውርጃ፣ ስለ ተላላፊ በሽታ ወይም ስለ ግርዛት በባል ወይም በእናት አፍ መጠየቅ የሚከብዳት ሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸው ተመዝግቧል። አንዳንድ የግርዛት ዓይነቶች ወሊድን ስለሚያከብዱ፣ በእርግዝና ክትትል ወቅት ለሐኪም ወይም ለአዋላጅ ነርስ መንገር የተሻለ ዝግጅት ለማድረግ ይረዳል። የተገረዘች ሴት በሕግ የምትጠየቅበት ምክንያትም የለም።

ከምጥ በፊትና ከወሊድ በኋላ

ለአንድ ሕክምና ፈቃድ ስትጠየቅ እናቲቱ አራት ነገሮችን ብትጠይቅ ውሳኔው ይጠራላታል። ይህ የሚደረገው ለምንድን ነው? ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል? ሌላ ምን አማራጭ አለ? ጥቂት ብንጠብቅስ ምን ይሆናል? ለመጠበቅ ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ አደጋ ሲኖር ሐኪሙ ይህንኑ በግልጽ ይነግራታል። በሌላው ጊዜ ግን ጥያቄዎቹ የሚያስቀይሙ አይደሉም፤ የባለሙያው የሥራ አካል ናቸው። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ፍላጎቷን በአንድ ገጽ ብትጽፍ፣ ሁኔታው ቢለወጥም ሐሳቧ ሳይሰማ አያልፍም።

ገንዘብ የሌላት እናትም ከዚህ ምርጫ ውጭ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ምጥ ላይ ያለችን ሴት በመድን እጦት ምክንያት እንዳይመልሱ ይከለክላል። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነፍሰ ጡሮች የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ሁኔታ ሳይጠይቁ የጤና ሽፋን መስጠት ጀምረዋል።

የመሰማት ጉዳይ በወሊድ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 18.6 እናቶች ሞተዋል። በጥቁር ሴቶች ዘንድ ግን ቁጥሩ 50.3 ነበር፤ ኢትዮጵያውያን እናቶችም የሚቆጠሩት በዚሁ ውስጥ ነው። አራስ ቤት ውስጥ ገንፎው ሲገነፋ፣ ጠያቂው ሲገባ ሲወጣ፣ የአራሷ ራስ ምታት «ብርድ ነው» ወይም «ምች ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ቀና ስትል የሚብስና ስትተኛ የሚቀል ራስ ምታት ከጀርባ መርፌው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ከዓይን ብዥታ ወይም ከደም ግፊት ጋር የመጣ ራስ ምታት ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስን የሚያረጥብ የደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠርና የአንድ እግር እብጠትም ሳይዘገዩ ሐኪም የሚያስጠሩ ምልክቶች ናቸው።

አበው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚሉት ለመተረብ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ግን ተረቱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ልጅ ስለ ኤፒዱራል፣ ስለ ፈቃድ ቅጽና ስለ አስተርጓሚ ለእናቷ ታስረዳለች። እናት ደግሞ የትኛውም መርፌ የማይተካውን፣ ከጎን አለመለየትን፣ ለልጇ ይዛ ትመጣለች። ሁለቱ ምጥ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ቡና ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ በእኩለ ሌሊት ቅጹን ይዞ ሲገባ የሚያገኛት እናት የምትጠይቀውን የምታውቅ ትሆናለች። መርፌውን ብትወስድም ብትተወውም ፊርማው የራሷ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ስለ ራሷ ሁኔታ ከምትከታተላት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ጋር መመካከር ይኖርባታል።